የቬርሎን ዘንግ የተሰበረበት ምክንያት

ቬርሎን ሚስቱን ሊመታበት የሰነዘረው ዘንግ ሲሰበር ልጁ ሮዌና አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር። የትራክተር ጎማ ብሎን የሚፈታበት ረጅም ብረት ነው። ሚስቱ ኦፓል ጎንበስ ስትልበት ዘንጉ ምድር ቤቱን ደግፎ የያዘውን የብረት ምሰሶ አገኘው። የዘንጉ ጫፍ ተገንጥሎ በረረና የልጅቷን አገጭ ሰነጠቀው። ቤቴ ከቤታቸው አጥር ለአጥር ስለነበር ጩኸቱን ሰምቼ ሮጥኩ። ስደርስ ሮዌና በአንድ እጇ አገጯን፣ በሌላው የተገነጠለውን ብረት ይዛ ቆማለች። ደሙ በክርኗ ይንጠባጠባል። አላለቀሰችም።

ለሐኪሙ ከደረጃ ወደቀች አሉት። ኦፓልም ክንዷ የተሰበረው ከደረጃ ወድቃ ነበር፤ ሁለት ጥርሷ የረገፈውም እንዲሁ። በኦሃዮ ገጠር ሰው የሚጥል ደረጃ ያለው ቤት የእነሱ ብቻ ይመስል ነበር። ሁላችንም እናውቃለን። እኔም ሾርባ ይዤ ከመሄድ ያለፈ ያደረግሁት የለም፤ ዛሬም ያሳፍረኛል። ኦፓል በሳንባ ምች ስትሞት የደረጃውን ወሬ ይዛው ተቀበረች።

ሮዌና አድጋ መስታወት ፋብሪካ ገባች። ቅዳሜ ቅዳሜ ሟች ገበሬዎች የተዉት ዕቃ ጨረታ በሚወጣበት ሁሉ እየዞረች አሮጌ የእጅ መሣሪያ ትሰበስባለች፦ መሮ፣ ፒንሳ፣ መላጊያ፣ መፍቻ። ሌላው ሰው የዛገውንና የተሰበረውን ሲንቅ እሷ የተከማቸበትን ባልዲ ገልብጣ የዕድሜ ልክ ዋስትና ያለውን ማህተም ትፈልጋለች። ማህተሙ ካለ መሣሪያውን የሚሸጠው ሱቅ የተሰበረውን ተቀብሎ አዲስ መስጠት አለበት። እምቢ ሲሏት እንዴት እንደምትሟገት ስለሚታወቅ የአካባቢው ገበሬ ሁሉ የተሰበረ ብረቱን ይዞ እሷ ዘንድ ይመጣል።

"አትለምኑ" ትላቸዋለች። "ብረቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጡ፣ ማህተሙን አሳዩ፣ ዝም በሉ።"

የአባቷን ዘንግ ግን ማህተም እያለው አላስቀየረችም። ሁለቱን ስባሪ ጋራዧ ግድግዳ ላይ በምስማር ሰቅላቸው ኖረች። አንድ ቀን ለምን እንደሆነ ጠየቅኋት።

"እንዴት እንደተሰበረ ባለቤቱ ይናገር፣ እማማ። አንድ ጊዜ፣ በገዛ አፉ፣ ሰው እየሰማ። ሌላ ምንም አልፈልግም።"

አርባ ዓመት ጠበቀች።

ባለፈው መከር መሣሪያውን የሚሠራው ፋብሪካ የድሮው ማህተም ዋስትና ከገና በኋላ እንደሚቀር አስታወቀ። ቬርሎን ይህን የሰማው የከብት መኖ ሱቅ ውስጥ ነው። ሰማንያ ሊሞላው ነው፤ ክንዱ ግን ገና የገበሬ ክንድ ነው። በነጻ የሚገኝ ነገር ካመለጠው እንቅልፍ አይወስደውም። እኔ ከሮዌና ጋር ብሎን ስለይ የጋራዡን በር በእርግጫ ከፍቶ ገባ።

"ዘንጌን አምጪ!"

"ደህና ዋልክ ቬርሎን" አለችው። አባዬ ብላው አታውቅም።

"የሰው ንብረት ሰቅለሽ የምታሳዪ፣ ሌባ!"

"ውሰደው። እንዴት እንደተሰበረ ግን ለሱቁ ሰዎች አንተ ነህ የምትነግራቸው።"

"ትራክተር ላይ ነው የተሰበረው!"

"እሺ፤ አገጬን የሰነጠቀው ትራክተሩ ነዋ።"

ፊቱ በርበሬ መሰለ። ከግድግዳው መጥረቢያ መንጭቆ መደርደሪያው ላይ ወረደበት። የመላጊያዎቹ እጀታ ተፈነካከተ፣ የመጋዝ ጥርስ ተበተነ፣ መሮ ጆሮዬ አጠገብ ፉጨት እያሰማ አለፈ።

"ቬርሎን! በሽምግልናህ እንኳ አታፍርም?" አልኩት።

"አንቺ አሮጊት ዝም በይ! ደረጃ እንዳይጥልሽ!"

ይህን እንዳለ ሮዌና ትልቁን መዶሻ አንስታ መጣች። እሱ ትንፋሽ ለመሰብሰብ ጠረጴዛውን ተደግፎ ነበር። ከጣቶቹ አንድ ስንዝር በማይሞላ ቦታ ላይ አሳረፈችው። ጣውላው ለሁለት ተሰነጠቀ።

"የሚቀጥለው ጣትህ ላይ ነው" አለችው። "እኔ እንዳንተ አልስትም።"

መጥረቢያው ከእጁ ወደቀ። ሮዌና ሁለቱን ስባሪ ከግድግዳው አውርዳ ደረቱ ላይ ወረወረችለት።

"መኪና ውስጥ ግባ። እማማ፣ አንቺም ነይ።"

ሱቁ ውስጥ የተቀበለን ጋርላንድ የሚባል ጸጥ ያለ ሰው ነው። ብረቱን አገላብጦ አየና የሚሞላ የዋስትና ወረቀት አወጣ።

"ምን ሲያደርጉ ተሰበረ፣ አባቴ?"

"የትራክተር ብሎን ስፈታ።"

ጋርላንድ ስብራቱን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። "አይደለም። ብሎን ሲፈታ የሚሰበር ብረት ይጠማዘዛል። ይሄ የሆነ ነገር ላይ በኃይል ተመትቶ ነው የተገነጠለው። ምክንያቱ ምንም ይሁን እንቀይራለን፤ ስብራቱና ወረቀቱ ካልተስማሙ ግን ፋብሪካው ይመልስብኛል።"

"ወድቆ ነው እንግዲህ።"

"ከየት? ከሰማይ?"

ከኋላችን የተሰለፉት ሳቁ። ቬርሎን ወደ ሮዌና ዞረ። ዓይኗን ግድግዳው ላይ የተንጠለጠለው አዲሱ ዘንግ ላይ ተክላለች። እሱም አየው። ያብረቀርቃል።

"ምሰሶ ነው የመታሁት" አለ።

"የቤት ምሰሶ? ለምን?"

"ምን አገባህ! ጻፍና ስጠኝ!"

"'ምን አገባህ' ብዬ ልጻፍ?"

"ሚስቴን ስቼ ነው!" ብሎ ጮኸ። "ጭንቅላቷ ላይ ነበር ያነጣጠርኩት። ጎንበስ አለች። ስቼ ነው፣ በቃ! አሁን ስጠኝ!"

የጋርላንድ እስክሪብቶ ቆመና እንደገና መጻፍ ጀመረ። ሮዌና አገጯ ላይ ያለውን ጠባሳ በእጇ ሸፍና ቆማ ነበር፤ ልክ እንደዚያን ቀን።

ጋርላንድ አዲሱን ዘንግ አምጥቶ እንደ ቆሻሻ በጣቱ ገፋለት። ስባሪዎቹን ሳጥን ውስጥ ጣላቸው። ሮዌና የወረቀቱን ቅጂ ጠየቀችና ሰጣት።

መኪና ማቆሚያው ጋ ስንደርስ ቬርሎን አዲሱን ዘንግ አነሳባት።

"አሁን ደስ አለሽ?"

አላፈገፈገችም። "ምታ" አለችው። "እሱም ከተሰበረ መጥተህ ትናገራለህ።"

ዘንጉን ቀስ ብሎ አወረደ። በእግሩ ወደ ቤቱ ሄደ፤ ስምንት ኪሎ ሜትር ነው። መኪናችን ላይ አላሳፈርነውም።

ጋራዡ ስንመለስ ስብርባሪው መሬቱን ሞልቶታል። ሮዌና ሳትጠርግ በፊት ወረቀቱን በባዶዎቹ ምስማሮች ሰካችው። እኔ ማንበብ የተማርኩት ካረጀሁ በኋላ ስለሆነ በጣቴ እየተከተልኩ ነው የማነበው። "የተሰበረበት ምክንያት፦ ሚስቱን ስቶ ምሰሶ መታ" ይላል።

"ድምፅሽን ከፍ አድርጊና አንብቢው፣ እማማ" አለችኝ።

አነበብኩላት። ሦስት ጊዜ አስነበበችኝ። ከዚያ መጥረጊያውን አነሳች።