የዓርብ ሀብታም

አሶሳ ገበያ ዘመናይን የማያውቅ የለም። በደርግ ጊዜ በሰፈራ ከወሎ የመጣች፣ ምላሷ ከምትሸጠው በርበሬ የሚፋጅ ሴት ናት። ዓርብ ቀትር ላይ ጎረቤቷ ዓዲላና ሌሎቹ ሙስሊም ነጋዴዎች መስጊድ ሲሄዱ መደባቸውን ለሷ ትተው ነው። እሁድ ጠዋት ደግሞ እነሷ ቤተ ክርስቲያን ሲስሙ ዓዲላ የሁሉንም ይሸጣል። ማን እንደጀመረው እንጃ፤ ክልሉ ሳይቋቋም የነበረ ነገር ነው።

ክልሉ ከተቋቋመ በኋላ ምክር ቤቱ በጀት አጠረኝ አለና የገበያውን ግብር ጨመረ። በዚያው ስብሰባ የገበያውን የውሃ ሞተር ናፍጣ ቆረጠ። ዐይናችሁን ጨፍኑ ላሞኛችሁ ማለት ይኼ ነው! ነጋዴው "ውሃ ከሌለ ጭማሪም የለም" ብሎ አሻፈረኝ አለ። መንግሥትም ግብር ገማች ላከ፤ ምንያህል የሚባል፣ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ፣ ለአገሩ እንግዳ የሆነ ወጣት።

ምንያህል የመጣው ዓርብ ቀትር ላይ ነው። ዘመናይ እዚህ ጨው ስትሰፍር፣ እዚያ ሳሙና ስታቀብል፣ ወዲያ ማንጎ ስትመርጥ አየና የአምስት መደብ ባለቤት አድርጎ ገመታት።

ግምቱን ስትሰማ ሳቀች። ካልከፈለች መደቧ እንደሚነጠቅ ሲነግሯት ግን ሳቋ ቆመ፤ ልጆቿን ያሳደገችበት መደብ ነው።

"ወይዘሮ ዘመናይ፣ መላ አለው" አላት ምንያህል። "ዓርብ ዓርብ ከራስዎ መደብ አይነሱ፤ ግምቱን አስተካክላለሁ።"

"የሰው አደራ ጥዬ? አላደርገውም! ይልቅ እሁድ ጠዋት ና።"

አማርኛ አፉን ያልፈታበት ዓዲላ ሰምቶ ደነገጠላት። "ዘመናይ፣ ዓርብ እኛ ይዘጋል። አንተ አትጎዳ፣ ወላሂ።"

"ዝም ብለህ ስገድ" አለችው።

እሁድ ምንያህል ሲመጣ ዓዲላ ብቻውን ከመደብ መደብ ይሯሯጣል። ዘመናይ ነጠላዋን እንዳጣፋች ከቤተ ክርስቲያን ደረሰች።

"በል እሱንም ገምተው" አለችው። "የእሁድ ሀብታም ነው።"

ምንያህል አፈረም፣ ሳቀም። ግምቱ ተሰረዘ፤ ጭማሪው ግን እንዳለ ነው።

በቀጣዩ ዓርብ ቀትር ላይ ብቅ ሲል ገዢው ከቧታል። "ቆመህ ከምታይ ያዝ፣ የዓዲላን ጨው ስፈር" ብላ ጣሳውን ሰጠችው። ሰፈረ። ፀሐዩ ሲበረታበት የሚጠጣ ውሃ ለመናት።

"ውሃ? ምክር ቤቱን ጠይቅ!"

ከዚያው በቀጥታ ወደ ምክር ቤቱ ሄደ። ምን እንዳላቸው አላውቅም፤ ብዙ ሳይቆይ ግን ሞተሩ ተነሣ። ጭማሪውን ከሁሉ ቀድማ የከፈለችው ዘመናይ ናት።