የቮልሷ የፊት ወንበር

በደርግ ጊዜ የቀበሌያችን ሊቀመንበር የእኔን ቦታ ቀምቶኛል፤ ይህ ይጻፍልኝ።

ዛሬ በሐይቅ ዳሯ ከተማችን፣ በባህል አዳራሽ በኩል በአንድ ጋራዥ ደጃፍ ሳልፍ የስቱኮ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ያኔ አባቴ ዝገት በልቷት የቆመች አሮጌ ቮልስ ገዝቶ ግቢያችን ውስጥ ያድሳት ነበር። እሱ የተቦረቦረውን ቆርቆሮ በስቱኮ ይደፍናል፤ እኔ ውሃ እያርከፈከፍኩ በብርጭቆ ወረቀት እፈገፍጋለሁ። ክረምቱን ሙሉ ጣቶቼ እስኪላጡ ፈገፈግኩ። አባቴም፣ «ሞተሯ የተነሳ ቀን ፊት የምትቀመጪው አንቺ ነሽ» ብሎኝ ነበር።

ሞተሯ ተነሳ። ድምፁን የሰማው ሊቀመንበር መጥቶ የፊቱን በር ከፈተና ተቀመጠ።

«በል ጓድ፣ እስከ ሐይቁ ንዳት!»

«እርስዎ መቼ ፈገፈጉ?» አልኩት።

አባቴ ክንዴን ቆንጥጦ፣ «ልጅ ናት፣ ጓድ። አንቺ፣ ከኋላ ግቢ!» አለ። ለምን እንደቆነጠጠኝ ያኔ አልገባኝም። ሐይቁ እስክንደርስ ያየሁት የሰውየውን ማጅራት ብቻ ነው።

አምና ለቅሶ ቤት ያ ሊቀመንበር አጠገቤ ተቀመጠ። አርጅቷል፤ እኔ ግን አላዘንኩለትም።

«የአባቴ ቮልስ የፊት ወንበር የእኔ ነበር። ለምን ወሰዱብኝ?» አልኩት።

ከዘራውን ጉልበቱ ላይ አጋደመና፣ «መኪና ውስጥ ፊት ተቀምጬ አላውቅም ነበር» አለኝ።