የአባቴ ጺምና ርካሹ ብሩሽ

አባቴ አርባ ሦስት ዓመት የሰው ጺም ሲላጭ ኖሮ የራሱን ጺም ማንም እንዳይነካበት ያለ ሰው ነው። ደንበኞቹ «ጋሽ ቀስታ» ይሉታል። ወንበሩ ላይ ተቀምጠው ሰዓታቸውን ሲያዩ፣ እሱ ብሩሹን ኩባያ ውስጥ እያዞረ «ቀስታ፣ ቀስታ! ፊት እኮ ሁለተኛ አይገዛም» ይላቸው ነበር። ቸኩሎ የገባ ሁሉ እየተነጫነጨ ይቀመጥና ጉንጩን እየዳበሰ ደስ ብሎት ይወጣል። እኔ ልጁ ግን እሳት ነኝ። ሥራዬ የሆስፒታል ልብስ ማጠብ ነው፤ አንሶላ በሉት፣ ጋውን በሉት፣ እጄ የገባውን ሁሉ ቀቅዬ ነው የማጥበው። እናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ «አንቺና አባትሽ አንድ ጣሪያ ሥር መኖራችሁ ተአምር ነው» ትል ነበር።

ከሁለት ወር በፊት ስትሮክ መታው። ተመስገን ነው፣ ነፍሱ ተረፈች። አንደበቱም ትንሽ ከበድ አለው እንጂ ይናገራል። ቀኝ እጁ ግን እንቢ አለ። ያ ምላጭ ሲይዝ ንቅንቅ የማይል እጅ ማንኪያ አንሥቶ አፉ ድረስ ማድረስ አቃተው። ቀኝ እግሩም ይጎተታል። ከሆስፒታል ሲወጣ ሐኪሟ ለብቻዬ ጠርታኝ «በየቀኑ ካልተራመደ ይህ እግር እንደዚህ ሆኖ ይቀራል። ከአልጋ ወደ ወንበር አይበቃም፤ ውጭ ይውጣ፣ መንገድ ይሂድ» አለችኝ። ቤት እንደገባን ቃል በቃል ነገርኩት።

«እሺ» አለ። «ጺሜ ይስተካከልና እወጣለሁ።»

ማን ያስተካክለው? ጣጣው እዚህ ላይ ነው። ሃያ ዓመት አብሮት የሠራ ባልደረባ አለው፤ ወሬ ስለሚያበዛ «ራዲዮ» እንለዋለን። ዕቃውን ሸክፎ ቤት ድረስ መጣ። አባቴ ከበር መለሰው። በማግስቱ ሲመጣ የተኛ መሰለ። በሦስተኛው ቀን ራዲዮ ተቀይሞ መስኮቱ ሥር ቆመና «ጋሼ፣ ኧረ ምን በደልኩህ? ሌላው ቢቀር ሰላምታ አትነሳኝ!» ብሎ ጮኸ። አባቴ ብርድ ልብሱን ራሱ ላይ ጎተተ። እልህ ምላጭ ያስውጣል ሲባል እሰማ ነበር፤ የኔን አባት ግን ይኸው ከምላጭ አስሸሸው።

«ጺሙ የተንጨባረረ ፀጉር አስተካካይ መንገድ ላይ አይታይም» ይለኛል ውጣ ባልኩት ቁጥር። ጺሙ ያድጋል፣ እግሩ ይከብዳል። መጀመሪያ ከአልጋው እስከ መስኮቱ ስድስት እርምጃ ነበር፤ በኋላ እዚያው መሃል ላይ አንዴ እየቆመ ግድግዳ ይደገፍ ጀመር። አንድ ማታ ራት ስናነሳ በቃኝና «እኔ ልላጭህ» አልኩት።

«አንቺ?»

«አዎ፣ እኔ።»

«አንቺ እኮ ድንች ስትልጪ ግማሹን ከልጣጩ ጋር ነው የምትጥይው።»

«ድንች አይናገርማ! አንተ ትናገራለህ።»

ሳቀ። ከታመመ ወዲህ ሲስቅ የሰማሁት ያን ቀን ነው። ከዚያ ኮስተር ብሎ «እሺ፤ ግን ምላጭ ከመንካትሽ በፊት ብሩሽ ትማሪያለሽ። አረፋ የማይችል ሰው ምላጭ አይዝም» አለኝ።

«ፀጉር ቤት ካለው ዕቃህ ብሩሽህን ላምጣ?»

«የኔን ጀማሪ አይነካውም! ርካሽ ግዢ። ጀማሪ የሚያበላሸው ነገር ያስፈልገዋል።» ቀጥሎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ጸሎት እንደሚያደርስ ሰው፣ ዘረዘረልኝ። ሰው ሠራሽ ፀጉር ያለው ይሁን፤ የእንስሳው ፀጉር መጀመሪያ ላይ ይሸታል፣ እስኪለሰልስም ዕድሜ ይፈጃል። እጀታው ወፈር ያለና እርጥብ እጅ ውስጥ የማያሟልጭ ይሁን። «መዳፍሽ ላይ ጫን አድርገሽ ልቀቂው፤ ተመልሶ ቀጥ ካላለ ተይው። ደግሞ ቀስ ብለሽ ጎተት አድርጊው። አንድ ሁለት ፀጉር ቢወጣ ምንም አይደል። በጭብጥ ከወጣ ግን እዚያው ለሻጯ መልሺላት።»

ሄድኩ። ባለ ሱቋ አንድ ካርቶን ብሩሽ አወጣችልኝ። አንዱን ስጫን፣ ሌላውን ስጎትት፣ አገጬ ላይ ሳሽከረክር አየችኝና «እህቴ፣ ብሩሽ ነው የምትገዢው ወይስ ባል ነው የምትመርጪው?» አለችኝ።

«ባል ስመርጥ እንዲህ ብጠነቀቅ ኖሮ ለአባቴ ሳይሆን ለሱ ነበር ዛሬ የምገዛው» አልኳት። ሳቃ ሳቃ፣ እንባዋን ጠርጋ ሸጠችልኝ። ጥቁር እጀታ ያለው፣ ደንደን ያለ፣ ደህና ብሩሽ ነበር።

እንግዲህ ያገር ሰው እጅ የነካውን ዕቃ የአባቴ ፊት ላይ ላደርገው ነው? በሥራዬ እንዲህ ያለ ነገር አይታሰብም። ድስት ጣድኩ፣ ውሃው ሲንተከተክ ብሩሹን ከተትኩት፣ ሃያ ደቂቃ ቀቀልኩት። እጀታውን ይዤ ሳወጣው እጀታው ብቻ መጣ። ፀጉሩ ድስቱ ውስጥ ተንሳፍፎ ይሽከረከራል። አፈር ልብላ! እጀታውን ይዤ እንደ ጥፋተኛ አባቴ ፊት ቆምኩ።

አገላብጦ አየው። «ፀጉሩስ?»

«ድስት ውስጥ ነው።»

«ቀቀልሽው?»

«ቀቀልኩት።»

ትንሽ አሰበና «ጨው ጨመርሽበት?» አለኝ።

ፀጉሩ ሥሩ ላይ የተያዘው በሙጫ እንደሆነ፣ የፈላ ውሃ ሙጫውን እንደሚያላቅቀው፣ ብሩሽ ከለብታ ያለፈ ውሃ እንደማይወድ ያን ቀን ተማርኩ። በማግስቱ ስመለስ ባለ ሱቋ «ባልየውን ምን አገኘው?» አለችኝ። «ተቀቅሎ ሞተ» አልኳትና መንትያውን ገዛሁ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሳምንት አታንሱብኝ። ቀኑን ሙሉ እንፋሎት ውስጥ ቆሜ እውላለሁ፤ ማታ ደግሞ ጋሽ ቀስታ ይጠብቀኛል። ብሩሹን ለብ ባለ ውሃ አርሺ። አራግፊ። ሳሙናው ላይ አዙሪ። ክንድሽ ላይ ቀቢ። አረፋዬን ያይና «ይህ የልብስ ሳሙና ነው፤ ውሃው በዛ» ይላል። ሌላ ቀን «ይህ ደግሞ ኖራ ነው፤ ግድግዳ ልትቀቢ ነው?» ይላል። ክንዴ ከመታሸት ብዛት ቀላ። ከሁሉ የባሰው እጥበቱ ነው። እኔን፣ ሃያ ሁለት ዓመት ልብስ ያጠብኩትን ሴት፣ እጥበት ያስተምረኛል! መጀመሪያ ቀን አለቅልቄ እንደለመድኩት ጥምዝዝ ሳደርገው ከወንበሩ ሊነሳ ምንም አልቀረውም። «አንሶላ አይደለም! ፀጉሩ ይሰበራል! በጣትሽ ጨመቅ፣ ጨመቅ ነው እንጂ!» ሳሙናው ሥሩ ውስጥ ከቀረ ያበሰብሰዋል፤ ስለዚህ ውሃው ጥርት እስኪል ታለቀልቂያለሽ። አራግፈሽ ፎጣ ላይ ታብሺያለሽ። ፀጉሩን ቁልቁል አድርገሽ ንፋስ የሚያገኘው ቦታ ትሰቅያለሽ። እርጥቡን ሣጥን ውስጥ የዘጋ ሰው ሻጋታ ይላጭበት።

ሐሙስ ማታ ከመስኮቱ ሊመለስ ሲል እግሩ ከዳው። ደረስኩለትና ያዝኩት እንጂ ወድቆ ነበር። ወንበሩ ላይ አስቀምጬው ትንፋሼ ሳይመለስ «በይ አሁን ብሩሹን አጥቢ» አይለኝም? ደሜ ፈላ። «አባዬ፣ እግርህ እየሞተ ነው! እኔ ብሩሽ ሳጥብ አንተ ሽባ ልትሆን ነው! ጺም ነው እኮ፣ ጺም!» አልኩና ብሩሹን ሳፋው ውስጥ ወረወርኩት። ውሃው ተረጨ። ተንሰቀሰቅኩ።

«አንሺው» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እንደተጣመመ እንዳይደርቅ። ቅዳሜ ጠዋት ትላጪኛለሽ።»

ቅዳሜ ጠዋት ወንበሩን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። ፎጣ አንገቱ ላይ አደረግኩ፣ የረዘመውን ጺም በመቀስ አሳጠርኩ፣ በሞቀ ፎጣ አለሰለስኩት። አረፋው ያን ቀን ቆንጆ ወጣልኝ፤ ኩባያውን ብገለብጠው እንኳ አይወድቅም ነበር። ቀኝ ጉንጩን ጀመርኩ። ከጆሮው ሥር እስከ አገጩ፣ ቀስ ብዬ እያዞርኩ ቀባሁት። ልቤ በኩራት ሊፈነዳ ነው፤ ዓይኑን ጨፍኗል፣ አንድም ስድብ የለም።

«በይ ጀምሪ እንጂ» አለኝ። «ምን ትጠብቂያለሽ?»

የሚያሾፍብኝ መስሎኝ «ጀምሬያለሁ እኮ፤ ቀኙን ጨረስኩት» አልኩት።

ዓይኑን ገለጠ። ግራ እጁን ቀስ ብሎ አንሥቶ ቀኝ ጉንጩን ነካ። ጣቱ ላይ የመጣውን አረፋ አየው። ፊቱ ተለዋወጠ። ያኔ ገባኝ።

«አባዬ… በዚህ በኩል አይሰማህም?»

አረፋውን ጣቶቹ መሃል አሸው።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከዚያች ቀን።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም? ለሐኪሟስ?»

«ምን ብዬ?» አለ። «ራዲዮ ቢቆርጠኝ አላውቅም። ደሜ እየወረደ ቁጭ ብዬ ስቀልድ ሊያየኝ ነው? አርባ ሦስት ዓመት የሰውን ፊት በጣቴ ሳውቅ ኖሬ፣ የራሴ ግማሹ ጠፋብኝ።»

አለቀስኩ። ምን ልደብቃችሁ፣ ብሩሹን እንደያዝኩ እዚያው አለቀስኩ። ሁለት ወር ሙሉ እልኸኛ እያልኩ ስወቅሰው፣ ለካ ሰውዬው ፈርቶ ነው። እኔው ነኝ እኮ ደግሞ «አንተ ትናገራለህ» ያልኩት!

«ተይ አታልቅሺ» አለኝ። «አረፋው ይደርቃል።»

አፍንጫዬን በክንዴ ጠርጌ ምላጩን አነሳሁ።

«የደረስሽበትን ንገሪኝ» አለኝ። «እኔ የሚሆነውን እነግርሻለሁ።»

«ጆሮህ ሥር ነኝ።»

«ቆዳውን ወጠር አድርጊ። ወደ ታች።»

«ጉንጭህ መሃል።»

«አትጫኚ፤ ምላጩ በራሱ ክብደት ይሂድ።»

«አገጭህ ጋ ደረስኩ።»

«ቀስታ።»

እንደዚያ እየተነጋገርን ቀኙን ጨረስን፤ ጠብታ ደም የለም። በግራ በኩል ግን ተዝናናሁ መሰለኝ፣ ከንፈሩ አጠገብ ጫር አደረግኩት። «ኧረ ጨረሰችኝ!» ብሎ ጮኸ። ስሜት ያለበት ጎን በመሆኑ ደስ ብሎኝ ይቅርታ እንኳ አልጠየቅኩትም። ፊቱን አጥቤ መስታወት ሰጠሁት። አገላብጦ አየ፤ «ጀማሪ ነሽ» አለና መስታወቱን መለሰልኝ። ጨመር አድርጎም «ሰኞ ሐኪሟ ጋ ውሰጂኝ፤ የፊቴን ነገር እነግራታለሁ» አለ።

ኮቱን አለበስኩት፣ ምርኩዙን ሰጠሁት። በሩን ስከፍተው ብርድ ያለው ነፋስ ገባ። ደፉ ላይ ቆመ። ይመለሳል ብዬ ፈራሁ። ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረና ግራ ጉንጩን ዳበሰ።

«ነፋስ አለ» አለ።

«አለ።»

ቀኙን ወደ እኔ መለስ አድርጎ «በዚህኛውም በኩል ይነፍሳል?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ይነፍሳል አባዬ።»

«እንግዲያው እንሂድ» አለና ያንን ከባድ እግሩን ከደጃፉ አሻገረው።