በቀኜ የነበረው ስክሪን

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ቤዛ የምግብ ጠረጴዛዬን ወረረችው። ከኮሌጅ ጓደኛዋ ከናሆም ጋር የሚሠሩት ፕሮጀክት አለ ተብሎ ላፕቶፕ በላፕቶፕ፣ ስክሪን በስክሪን ሆነ፤ ጨው ማስቀመጫዬ ሳይቀር በገመድ ተጠላልፎ ቀረ። እኔ ወጥ ቤት ቆሜ ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር።

"ማሚ፣ ይሄ ማውስ ክሬዚ ሆኗል!" አለችኝ ቤዛ። "ወደ ናሆም ስልከው በዚህ በኩል ይመጣል!"

ዞር ብዬ አየሁ። አንዲት ማውስ ለሁለቱም ኮምፒውተር እንድታገለግል የሚያደርግ ፕሮግራም ጭነዋል። ቤዛ ስክሪኑ ላይ የምትታየውን የማውሷን ቀስት ወደ ቀኝ፣ ወደ ናሆም ኮምፒውተር ስትገፋት፣ እዚያ መግባቷን ትታ በስተግራ ካለው ስክሪን ዳር ብቅ ትላለች። ዓይኔ እንባ ሞላ። ሽንኩርቱ ነው በሉት።

እንዲህ ያለች ማውስ እኔንም ድሮ ገጥማኛለች፤ ያን ጊዜ ከቤዛ ብዙ አልበልጥም ነበር። እዚሁ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከጆርጂያ አቬኑ ገባ ብሎ፣ ከአንድ ፀጉር ቤት በላይ ባለች ክፍል ውስጥ የሰርግ ቪዲዮ አቀናብር ነበር። የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት ጋሽ ተስፋዬ ይባላሉ። ከወንዙ ማዶ፣ አሌክሳንድሪያም ሌላ ቅርንጫፍ ነበራቸው፤ ፎቶና አልበም የሚሠራው እዚያ ነው። ከፋሲካ በኋላ የጀመረ ሰርግ እስከ ፍልሰታ ጾም ድረስ ፋታ የለውም። በሐምሌ ሙቀት መስኮቱን ብንከፍት ከታች የተቃጠለ ፀጉር ሽታ ይገባል፤ ብንዘጋው እንታፈናለን። እኛ ግን ከጠዋት እስከ ማታ የሰው ሙሽራ ስናስጨፍር እንውላለን።

"እኛ" ስል እኔና ዳዊት ነን። ዳዊት በቀኜ ይቀመጥ ነበር። እኔ ምስሉን ቆርጬ እቀጥላለሁ፣ እሱ ድምፁንና ቀለሙን ያስተካክላል። የእኔ ኮምፒውተር ሁለት ስክሪን ነበረው፤ አንዱ ከፊቴ፣ አንዱ በግራዬ። ከዚያ በቀኝ በኩል የዳዊት ይቀጥላል። ያቺን ማውስ የምታጋራ ፕሮግራም ያመጣትም እሱ ነው። የእኔን ማውስ ወደ ቀኝ ስገፋት ቀስቷ ከእኔ ስክሪን ወጥታ እሱ ስክሪን ላይ ትገባለች። "እዚህ ጋ ከበሮው በዝቷል" ብዬ በጣቴ ከማሳየው፣ እዚያው ድረስ ገብቼ አሳየዋለሁ።

ለሥራ ነበር። ኋላ ግን ያለ ሥራም መግባት ጀመርኩ። በሐሳብ ሲጠመድ ቀስቷን ሰድጄ በሙሽራው አፍንጫ ዙሪያ አሽከረክራታለሁ። "ሰኒ፣ ከቤቴ ውጪልኝ!" ይላል እየሳቀ። እኔም ትንሽ ቆይቼ እወጣለሁ። ሰናይት የሚለውን ስሜን "ሰኒ" ብሎ ያሳጠረልኝ እሱ ነው። ወደድኩት። ለማንም አልተናገርኩም፤ ለእሱ ቀስቷ የነገረችልኝ ይመስለኝ ነበር። ሞኝነት ነው፣ ግን ያን ያህል ደስ ያለኝ ሥራ ከዚያ በኋላ አልሠራሁም።

ታዲያ አንድ ቀን ቀስቷ ዳዊት ጋ አልገባ አለች። ወደ ቀኝ ስገፋት በግራ በኩል ካለው ስክሪን ዳር ብቅ ትላለች። ወደ ግራ ስገፋት ደግሞ አጥር እንደገጠማት ትቆማለች። አጥፍተን አበራን፣ ያው ነው።

"ልያን ኮል አደርጋታለሁ" አለ ዳዊት።

ልያ እዚሁ አሜሪካ የተወለደች፣ አሌክሳንድሪያ ቅርንጫፍ የምትሠራ ልጅ ነበረች። ኮምፒውተር ትችላለች ይባላል። ያን ሁሉ የቤልትዌይ አውራ ጎዳና መጨናነቅ፣ የወንዙንም ድልድይ ጭምር አልፋ፣ መነጽሯን ፀጉሯ ላይ ሰክታ ትመጣለች፤ ላብ የሚባል ነገር ደግሞ አያውቃትም። ቆንጆ ነበረች። ይህችን ቃል ዛሬም በግድ ነው የማወጣት።

የተበላሸችው ማውስ በእኔ እጅ ናት። ልያ ግን የምታጎነብሰው በዳዊት ትከሻ ላይ ነው! ፕሮግራሙን ታጠፋለች፣ እንደገና ትጭናለች፣ ገመዱን ሁሉ ነቅላ መልሳ ትሰካለች። ከዚያ አንዳንዴ ይሠራል፤ ለምን እንደሠራ ግን እሷም አታውቅም። "ሲ? አይ ቶልድ ዩ!" ትለዋለች። እሱ ይስቃል። እኔን ሲያሾፍብኝ የሚስቀው ሳቅ አልነበረም፤ ረዘም የሚል፣ መጨረሻው ላይ ዝም የሚያሰኝ ሳቅ ነው። ከጥቂት ቀን በኋላ ቀስቷ እንደገና ትጠፋለች፤ ልያም እንደገና ትመጣለች።

ጋሽ ተስፋዬ ተሰላቹ። አንድ ጠዋት እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከተው ከኋላችን ቆሙ።

"ይቺ ነገር እስከ ፍልሰታ ካልተስተካከለች፣ ይሄን ዴስክ አፈርሰዋለሁ" አሉ። "አንዱ ኮምፒውተር አሌክሳንድሪያ ይሄዳል። ዳዊትም እዚያ ሆኖ ይሥራ።"

"ኖ ፕሮብለም" አለ ዳዊት። ቀና እንኳ አላለም።

አሌክሳንድሪያ! ልያ ጋ! የዚያን ቀን ምሳዬን ሳልበላ መለስኩት። ብልሽቱን ማንም ሳይሆን እኔ ማግኘት ነበረብኝ፤ ኮምፒውተሩ ከዚያ ዴስክ ንቅንቅ እንዳይል፣ ልያም ያን ደረጃ የምትወጣበት ምክንያት እንድታጣ።

ኮምፒውተር ግን አላውቅም። የማውቀው ልያን ነው። ከፍቅር ይልቅ ቅናት ነገር ታስታውሳለች፤ በመጣችበት ቀን ሁሉ ምን እንደለበሰች፣ ምን ብላ እንደሳቀች፣ ምን እንደበላች አንድ በአንድ ትዝ ይለኝ ነበር። ሳሰላስለው አንድ ነገር ቆረቆረኝ። ልያ ማውሷን ልትሠራ በመጣች ቁጥር ድፎ ዳቦ ትበላ ነበር። ዳዊት ትልቁን ቁራሽ ለእሷ ይሰጣል፤ የእኔ ዳቦ ነበር እኮ፣ ለእኔ የመጣልኝ!

ዳቦውን በመጡ ቁጥር ይዘውልኝ የሚመጡት እትዬ አስካለ ናቸው። ልጃቸውን የዳሩት በዚያው ክረምት ነው፤ የሰርጉን ቪዲዮ ስንሠራ ከጌይተርስበርግ ድረስ እየመጡ ያዩ ነበር። "የእህቴ ልጆች አሉበት? አጎቷስ? ቆርጣችሁት እንዳታጣሉኝ!" ይሉናል። እውነታቸውን ነው፤ በሰርግ ቪዲዮ ያልታየ ዘመድ ለዓመታት ያኮርፋል። እግራቸውን ያማቸዋል። እሳቸውን የመሰለች እናት ከኋላችን አቁመን በትከሻችን ላይ እንዲያዩ ልናደርግ ነው? አይታሰብም። ገና ከበር ሲገቡ ብድግ እንላለን፣ ሶፋው ላይ እናስቀምጣቸዋለን፤ ከዚያ የእኔን የግራ ስክሪን ነቅለን ከሶፋው ፊት ካለችው ትንሽ ጠረጴዛ ላይ እናደርግና፣ እዚያ ካለ ላፕቶፕ ጋር ሰክተን እናሳያቸዋለን። መርቀውን ሲሄዱ ስክሪኑን ወደ ቦታው መልሰን፣ ከኮምፒውተሩ ኋላ እጃችን ባገኘው ቀዳዳ እንሰካዋለን።

ዳቦው ከእትዬ አስካለ፣ እትዬ አስካለ ከስክሪኑ፣ ስክሪኑ ከቀስቷ። ተነሥቼ ከጠረጴዛው ሥር ተንበረከክኩ።

ቀላል ነገር ነበር። ኮምፒውተር ስክሪኑ በየት በኩል እንደቆመ አያይም፤ የነገሩትን ብቻ ያምናል። በአንደኛው ቀዳዳ ሲሰካ የግራ መሆኑን ያስታውሳል። በሌላኛው ሲሰካ ግን እንደ አዲስ እንግዳ ይቆጥረውና በቀኝ በኩል፣ በእኔና በዳዊት መካከል ያስቀምጠዋል። ቀስቷም ምን ታድርግ፣ ወደ ዳዊት ስልካት መጀመሪያ እዚያ ትገባለች።

ገመዱን በትክክለኛው ቀዳዳ ሰካሁት። ከቦርሳዬ ቀዩን የጥፍር ቀለም አውጥቼ የገመዱን ጫፍና የቀዳዳውን ጠርዝ ቀባሁ፤ ከእንግዲህ ማንም እንዳይሳሳት። ከዚያ ተቀምጬ ቀስቷን ገፋኋት። ከግራው ስክሪን ተነሥታ በፊቴ አልፋ፣ ሰተት ብላ ዳዊት ስክሪን ላይ ገባች።

"ሰኒ! እንዴት አገኘሽው?" ዳዊት ከወንበሩ ተነሥቶ አቀፈኝ። አንድ ጊዜ ነው ያቀፈኝ፣ ያኔ።

"አገኘሁታ" አልኩ። ስለ ዳቦው ምን ብዬ ልንገረው?

ጋሽ ተስፋዬ ጫጫታውን ሰምተው መጡ። "እስቲ አሳዪኝ" አሉ። አሳየሁ። ቀስቷን ከዳር እስከ ዳር አስሮጥኳት፤ በአንድ እጄ የእኔንም የዳዊትንም ኮምፒውተር ከፈትኩ፣ ቆረጥኩ፣ አጫወትኩ። ልታይ ልታይ አልኩ እንጂ ምን አደረግኩ! ሰውዬው አገጫቸውን እያሻሹ ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ።

"እንግዲያውስ ሁለቱንም አንቺ ብቻሽን ትችያቸዋለሽ" አሉ። "ዳዊት፣ አሌክሳንድሪያ ሰው አጥሯል። ከሰኞ ጀምረህ እዚያ ግባ።"

ዳዊትን አየሁት። ፊቱ በራ።

"እኔ እኮ ልጠይቅዎት ፈልጌ ነበር፣ ጋሼ" አለ። "ሰኒን ከነብልሽቱ ጥያት አልሄድም ብዬ ነው። አሁን ሐሳብ የለኝም።"

ኮምፒውተሩ ቀረ። ዳዊት ሄደ።

ወንበሩ ባዶውን በቀኜ ከረመ። ቀስቷን ወደዚያ ስልካት ያለ ምንም ችግር ትገባለች፤ ውጪልኝ የሚላት ግን የለም። በሁለተኛው ዓመት የዳዊትና የልያ ሰርግ ሆነ። ቪዲዮውን ማን ያቀናበረው ይመስላችኋል? ጋሽ ተስፋዬ "ከአንቺ ሌላ ለማን አምነን እንሰጣለን" አሉኝ። ልያ በሦስቱም ስክሪን፣ በዳዊት በነበረውም ላይ፣ ስትስቅ ከረመች። አንድም ዘመድ አላስቀረሁባቸውም። ዛሬም ምርቃት ቤት፣ ለቅሶ ቤት እንገናኛለን። ትስመኛለች። አሁንም ላብ አያውቃትም።

"ማሚ!" አለችኝ ቤዛ ከጠረጴዛው። "አንቺ ድሮ እንደዚህ ዓይነት ነገር ትሠሪ አልነበር? ፕሊስ፣ ፊክስ አድርጊልን!"

"አይቸገሩ፣ እኔ ቼክ አደርገዋለሁ" አለ ናሆም። ወንበሩን ወደ እሷ ሳበና ሁለቱም ጭንቅላታቸውን ወደ አንድ ስክሪን አስጠጉ። ቤዛ የምታየው ስክሪኑን አልነበረም። ያንን አስተያየት አውቀዋለሁ።

የገዛ ልጄ ናት፣ ቀናሁባት። እሱ በቀኟ ተቀምጧል፣ ገና የትም አልሄደም። ብልሽቱ ከቆምኩበት ይታየኛል፤ ደቂቃም አይፈጅብኝም። እጄን በፎጣ ጠርጌ ወደ እነሱ አንድ እርምጃ ተራመድኩ፣ ከዚያ ቆምኩ።

"እኔ እንጃ፣ ረስቼዋለሁ" አልኳት። "ቀስ ብላችሁ አብራችሁ ፈልጉት።"

ዳቦ ቆርጬ በመካከላቸው አስቀመጥኩና ወደ ሽንኩርቴ ተመለስኩ። ከኋላዬ ናሆም የሆነ ነገር አለ፣ ቤዛ ሳቀች፣ እሱም ሳቀ። ማውሷ እስኪመሽ አልተስተካከለችም። እሰይ!