አጥቂ ላስፈርም ደካ ሄጄ

ሐሙስ፣ ንጋት 12 ሰዓት፣ አዲስ አበባ አውቶቡስ ተራ

ከስፖርት መምህርነቴ ከለቀቅኩ ሦስት ሳምንቴ ነው። አሁን የእግር ኳስ ተጫዋቾች ወኪል ነኝ። ምስክሮቼ የአምስት ቀን ሥልጠና ሰርተፍኬት፣ የተዋስኩት ኮትና «የስፖርት ቢዝነስ አማካሪ» የሚል ካርድ ናቸው። የጎደለኝ ተጫዋች ብቻ ነው። ከቦንጋ ወዲያ ባለችው ደካ ትዕግሥት የምትባል አስተማሪ አለች፣ ጎበዝ አጥቂ ናት ሲሉኝ ላስፈርማት ተነሣሁ። ለአንድ የሴቶች ቡድን አሰልጣኝም «ይዣት እመጣለሁ» ብያለሁ። ባዶ እጄን ብመለስ ወደ ድሮ ሥራዬ መግቢያ የለኝም፤ ስሰናበት ርዕሰ መምህሩን ስለ ሕይወት መክሬዋለሁ።

ዓርብ ከሰዓት፣ ቦንጋ

ጅማ አድሬ ቦንጋ ገባሁ። ዝናብ፣ ጭቃ የለበሱ ባጃጆች፣ ዳገት ላይ የተደረደሩ ቤቶች። መንገድ እንዲያሳዩኝ አንድ የስፖርት ኃላፊ ቢሮ ገባሁ። ግድግዳው በሙሉ መፈክር ነው።

«ትዕግሥትን ያውቋታል?»

ኃላፊው ወፍራም ሰነድ ገለጡ። «በዘንድሮው ዕቅዳችን የለችም» አሉ። «በሚቀጥለው ሩብ ዓመት እናካትታታለን።»

ቅዳሜ፣ ደካ

የተሳፈርኩበትን አይሱዙ መኪና ጭቃ በያዘው ቁጥር እየወረድን ገፋን። ሹፌሩ ኮቴን አይቶ «ጋሼ፣ እርስዎ ከኋላ ይግፉ፣ ጎበዝ ይመስላሉ» አለኝ። ደካ ስደርስ ኮቱ ጭቃ ብቻ ሆኖ ባለቤቱም አይለየውም ነበር።

ትዕግሥትን ሜዳ ላይ አገኘኋት። በገመድ እየለካች በአመድ መስመር ታሰምራለች። ካርዴን ስታይ አንቱ አለችኝ፤ ውሉን ስታነብ ወደ አንተ ወረደች።

«‹ሜዳው በበረዶ ከተሸፈነ› ይላል። ራስህ አንብበኸዋል?»

ከኢንተርኔት ገልብጬ በችኮላ የተረጎምኩት ነበር። «በከፊል» አልኩ።

«እስካሁን ስንት ተጫዋች አስፈረምክ?»

«አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ።»

አልሳቀችም። ብትስቅ ይሻለኝ ነበር።

«እኔ እዚህ ስምንት ቡድን አወዳድራለሁ። ማልያውን የገበያው ልብስ ሰፊዎች ይሰፋሉ፤ የጨርቁን ወጪ ባለ ወፍጮው ይችላል፣ ስሙም ማልያው ጀርባ ላይ ይጻፍለታል። ነገ የቢታ ገነት ከተማ ሴቶች ቡድን ይመጣል። ይህን ትቼ አዲስ አበባ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ልቀመጥ?»

ስለ ስፖርት ቢዝነስ አምስት ቀን ስማር አንድም እንዲህ ያለ ነገር አልሰማሁም። ቦርሳዬን አንሥቼ ልሄድ ስል ጠራችኝ።

«ድምፅህ ግን ደህና ነው። አስተዋዋቂያችን ጉሮሮውን ታሟል።»

እሁድ፣ ሜዳው ዳር

ሕዝቡ በቆጮና በተጠበሰ በቆሎ ሻጮች መካከል ተጋፍቷል። ድምፅ ማጉያውን ይዤ የተጫዋቾቹን ስም ከወረቀት አነበብኩ። ትዕግሥት በግንባሯ የመጀመሪያውን ጎል ስታገባ ግን ምን እንዳልኩ አላውቅም፤ ሜዳው በሙሉ በሳቅ ፈረሰ። በየመሀሉ ባለ ወፍጮውን አመሰገንኩ። በእረፍት ሰዓት የቦንጋው ኃላፊ ደርሰው ውድድሩ የዕቅዳቸው ውጤት መሆኑን አበሰሩ። ትዕግሥት ጫማዋን እያሰረች አጨበጨበችላቸው። ደካ ሁለት ለአንድ አሸነፈ።

ሲያልቅ በእጇ የጻፈችውን አንድ ገጽ ሰጠችኝ። የሚቀጥለው ዓመት ውድድር አስተዋዋቂ እኔ ነኝ ይላል። ይህኛውን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት።

ማክሰኞ፣ አዲስ አበባ

እህቴ በር ከፍታ ጭቃውን ከእግሬ እስከ አንገቴ አየች።

«እህሳ፣ አስፈረምካት?»

«አስፈረመችኝ።»