ግርዶሽ ያየንበት ራጅ

ዶክተሩ የደረቴን ራጅ ከፖስታው ሲያወጣው ፊልሙ ተንኮሻኮሸ። ያን ድምፅ አውቀዋለሁ።

ልጅ ሳለሁ ነው፤ ቀራንዮ፣ ትምህርት ቤታችን ሜዳ ላይ፣ የሥነ ፈለክ ክበብ ልጆች የፀሐይ ግርዶሽ ለማየት ተሰልፈናል። መነጽር ከየት ይምጣ? የክበቡ ኃላፊ ቲቸር ታደሰ የገዛ ራሳቸውን ራጅ ይዘው መጡ። እያሳሉ ፊቴ ላይ ያዙልኝ። ፀሐይዋ የተገመጠ ዳቦ መስላለች። ፊልሙን ትንሽ ሳንቀሳቅሰው ብርሃን ዓይኔን ወጋኝ።

«ቲቸር፣ እዚህ ጋ ነጭ ነገር አለ!»

«ነጩን ተዪው፣ እሱ የኔ ነው። አንቺ በጥቁሩ እዪ።»

ጥሩውን ቦታ ለራሳቸው ያስቀሩ መስሎኝ አኮረፍኩ። ክረምቱ አልፎ ትምህርት ሲከፈት እሳቸውም ክበቡም አልነበሩም።

ዶክተሩ ራጄን ወደ መስኮቱ አነሣው። ጣቱ ነጩ ላይ ቆመ። «ይሄኛው የኔ ነው» አልኩት።