ጋሽ ከድር ያስደገሙኝ ናሙና

ጋሽ ከድር ማክሰኞ ጠዋት ማረፋቸውን ታናሽ ወንድማቸው ደውለው ነገሩኝ። ቀብራቸው የዚያኑ ዕለት ከቀትር በኋላ ነበር። እኔ ዊንጌት ላይ የታክሲ ሰልፍ ይዞኝ ስደርስ ሰዉ እየተመለሰ ነበር። እሳቸው ቢያዩኝ «ቀደም ብለሽ አትነሺም ነበር?» ማለታቸው አይቀርም።

ጋሽ ከድር ጉለሌ ባለው ቤተ ሙከራችን ለረጅም ዓመታት ቴክኒሻን ነበሩ። ወንድሞቻቸው ሁሉ አዲሱ ገበያ ሱቅ ከፍተው ሲነግዱ እሳቸው ብቻ ነጭ ጋዋን ለብሰው ኖሩ። መብራት ከጠፋ እሑድም ቢሆን በእግራቸው መጥተው ማቀዝቀዣዎቹን ያያሉ። ሰው ያመሰገናቸው እንደሆነ «ኤጭ! ሥራ ነው እንጂ ስጦታ ነው?» ይላሉ። ምስጋና ያናድዳቸዋል። ስም ያልተጻፈበት ጠርሙስ ያናድዳቸዋል። ከሁሉ በላይ ግን ችኩል ተማሪ ያናድዳቸው ነበር፤ እኔ ደግሞ ችኩል ነበርኩ።

የመመረቂያ ጥናቴ በሽታን በሚከላከሉት ነጭ የደም ሕዋሳት ላይ ነበር። ሕዋሱ ከውጭ የሚመጣለትን የማስጠንቀቂያ መልእክት ወደ ውስጥ እንዲያስተላልፍ፣ አንዳንድ ፕሮቲኖቹ ቅባት ተቀጥሎላቸው ከሽፋኑ ጋር መጣበቅ አለባቸው። ቅባቱ ከተላቀቀ ፕሮቲኑ ቦታውን ይለቃል፤ መልእክቱም መንገድ ላይ ይቀራል። እኔ የማጠናው ፕሮቲን ግን ቅባት የለውም ብዬ ደመደምኩ። ጽሑፉን ለማስረከብ ሁለት ሳምንት ሲቀረኝ ጋሽ ከድር ውጤቱን አዩና ጭንቅላታቸውን ያዙ።

«ይደገም።»

«ጋሽ ከድር፣ ሦስት ጊዜ ሠርቼዋለሁ እኮ!»

«ሦስት ጊዜ መሳሳት አይቻልም ያለሽ ማነው?»

ደሜ ፈላ። በቀጥታ ወደ አማካሪዬ ሄጄ «ቴክኒሻኑ ሥራዬን እያደናቀፉብኝ ነው» ብዬ ከሰስኳቸው። አማካሪዬ አስጠሯቸው። እኔ እዚያው ቆሜ እየሰማሁ ጋሽ ከድር የተናገሩት ይህን ብቻ ነው፦ «ልጅቷ ጎበዝ ናት። አንድ ሳምንት ይስጧት።»

ስንመለስ የሥራ ደብተሬን ገለጡና አንድ መስመር ላይ ጣታቸውን ተከሉ። ናሙናውን ለማዘጋጀት ጨምሬ ያፈላሁት ኬሚካል ቅባቱን ከፕሮቲኑ የሚያላቅቅ ነበር።

«ኧረ በፈጠረሽ! ራስሽ አጥበሽ ስታበቂ ቅባት የለም ትያለሽ?»

ሳምንቱን ሙሉ እየተነጫነጩ፣ ምሳቸውን እያሳለፉ አብረውኝ ሠሩ። ያለዚያ ኬሚካል ስንደግመው ቅባቱ ቁልጭ ብሎ ታየ። ስህተቴን ለማንም አልተናገሩም። እኔም አፍሬ ይቅርታ ሳልጠይቃቸው ዓመታት አለፉ።

ባለፈው ወር ታመው እንደተኙ ሰምቼ ቤታቸው ሄድኩ። «ጋሽ ከድር፣ ያን ጊዜ የከሰስኩዎት ነገር...» ስል እጃቸውን አወናጨፉ።

«ሥራሽን ትተሽ የመጣሽው ለዚህ ነው? በይ ተነሺ፣ ሂጂ!»

ባለቤታቸው ሳቁ። እኔ ግን ተናድጄ ወጣሁ። ሰው በወጉ ይቅርታ እንዲጠይቅ እንኳ አይፈቅዱም!

እንግዲህ ጋሽ ከድር፣ ዛሬ አያቋርጡኝም። የከሰስኩዎት በሐሰት ነው። ሥራዬን ያዳኑት እርስዎ ነዎት፤ ይህንንም የሚያውቅዎት ሁሉ እንዲያነበው ብዬ ጻፍኩት። ፈጣሪ ማረፊያዎን ያስፋልዎ። ይቅር ይበሉኝ።